ጋሼ ማሩና የተረፈችው ማይክ

አዲሱ ደውሎ «ጋሼ ማሩ አረፈ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ገደለው?» የሚል ነበር።

 መጀመሪያ የአዲሱ ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ ልቅሶው። «ማንም አልገደለውም፣ እንጉዳይ። አልጋው ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ። ሚስቱ እትዬ አስረስ ሻይ ይዛለት ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው» አለኝ። የማትናሱን አዳራሽ እየጠረግኩ ነበር፤ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ማትናስ የምንለው የሰፈሩን የሕዝብ ማእከል ነው፤ መብራቱም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ቁልፉም፣ መጥረጊያውም በእኔ እጅ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ሰው አልጋው ላይ በሰላም ይሞታል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ወይ በጠብ ወይ በሮኬት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጋዛ አጠገብ ያለችው ከተማችን አሽቀሎን ደግሞ ሁለቱም አይጠፉባትም።

ማሩ ብሎ ስም ያወጣለትን ሰው እግዜር ይይለት! ከማር የደረሰው ንቡ ብቻ ነው። ግዙፍ ሰው አልነበረም፤ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ መዳፉ ሰፊ። ከመናገሩ በፊት በዚያ መዳፍ አንድ ነገር መምታት አለበት፤ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ፣ የራሱን ጭን፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ትከሻ። ወሬው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ከፋብሪካ የተባረረው አለቃውን በሁለት እጁ አንስቶ የካርቶን ክምር ላይ ስለወረወረው ነው። አሮጌው ሰፈር ሚግዳል ገበያ ውስጥ አንድ አትክልት ሻጭ «ኩሺ» ብሎ በጥቁረቱ ሲሰድበው ደግሞ ጠረጴዛውን ከነቲማቲሙ ገለበጠበት። ሰውየው የሚዛን ድንጋይ ወረወረበት፣ እሱም በሳጥን መለሰለት፣ ሁለቱም ደም በደም ሆነው ነው ፖሊስ የለያያቸው። በማግስቱ ቅንድቡ ተሰፍቶ አገኘሁትና «ምነው ጋሼ ማሩ፣ በዚህ ዕድሜህ?» አልኩት። መጀመሪያ ግድግዳውን መታ። ከዚያ «ቲማቲሙ እንደሆነ ድሮም ጥሬ ነበር» አለኝ።

አንተ እያልኩ የማወራው ንቄው እንዳይመስላችሁ። የተዋወቅን ቀን አንቱ ብዬው፣ «አንቱታ ለሬሳና ለሹም ነው! እኔን የትኛው አደረግሽኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም አፌ ዝም አይልም፣ «እንግዲያው አንተ! ምን ፈለግህ?» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደደኝ መሰለኝ።

ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ማሲንቆውንም ቢሆን የሚጫወተው እንደሚደበድበው ነው። ደጋኑን ሲገዘግዘው እንጨት የሚቆርጥ ይመስላል፣ ድምፁም ሻካራና ትልቅ ነው፣ ጆሮ ይዞ የሚጎትት። «ትንሽ ለስለስ፣ ጋሼ ማሩ» ስትሉት ለሁለት ትንፋሽ ያህል ይለሰልስና ተመልሶ ይነሳበታል። ቀስ ማለት ፈጽሞ አልተፈጠረለትም።

ክራር የሚጫወቱት ታላቅ ወንድሙ አባባ ይርጋ ናቸው። ጎንደር ገጠር ነው ያደጉት። እናታቸው ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች፤ ይርጋ በክራር አወጧት፣ ማሩ በማሲንቆ እየተከተለ ተማራት። ክራሩ ይጠይቃል፣ ማሲንቆው ይመልሳል። በኋላ እስራኤል ለመግባት ወደ ሱዳን በእግር ሲወጡ ማሩ ጎረምሳ ነበርና ከፊተኞቹ ጋር ቀደመ። እናትየዋ ከይርጋ ጋር ከኋላ ቀረች፣ መንገድ ላይ ሞተች፣ ይርጋ ለብቻቸው ጉድጓድ ምሰው ቀበሯት። ይህን ነገር ሁለቱም ለስንት ዓመት ሳይነኩት ኖሩ።

አንድ ቀን እዚሁ አሽቀሎን በዘመድ ሠርግ ላይ፣ አባባ ይርጋ ክራራቸውን ታቅፈው እንደተቀመጡ፣ ትንሽም ቀምሰው ነበር፣ በሰው ሁሉ ፊት «አንተ እናትህን ጥለህ የሮጥህ!» አሉት። ማሩ የብረት ወንበር አነሳ። ወንበሩ የወረደው ክራሩን በያዘው ግራ እጅ ላይ ነው። ክራሩም ጣቱም አንድ ላይ ነው የተሰበረ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ማሩን መሬት ጥለው ረገጡት፣ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ሸሸች። ፖሊስ ሲደርስ ማሩ ወለሉ ላይ ተዘርሮ «ጨምሩ! ጨምሩ እንጂ!» እያለ ረጋጮቹን ይለምን ነበር።

የአባባ ይርጋ ሁለት ጣቶች ጠምመው ዳኑ። ክራር ተገዛላቸው፣ መምታትም አልተዉም፤ ነገር ግን ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ፤ አንድ ክንድ ርቀው ከተቀመጡ የማይሰማ ሹክሹክታ። ዕድሜም ተጨመረና ጣቶቹ ይደርቁ ጀመር። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ እየባሰ ነው የሚሄደው» አላቸው። ዜማይቱን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቃት ያ እጅ ብቻ ነው፤ ማሩ የሚያውቀው መልሱን ነው። እጁ ሲደርቅ እናቲቱም አብራ ልትደርቅ ነው። ጋሼ ማሩን ሲያነደው የኖረው ይህ ነበር፣ ለሰውም አይደብቀውም።

አንድ ጠዋት ማትናስ መጣና ጠረጴዛዬን በመዳፉ አጮለው።

«እንጉዳይ! የተሰበረ ጣት የሚሰማ ማይክ ፈልጊልኝ። ርካሽ ይሁን፣ ጡረተኛ ነኝ።»

«ስልክህ አይቀዳም እንዴ?» አልኩት ለማሾፍ።

ስልኩን አውጥቶ ግድግዳ ላይ ሊፈጠፍጠው ሲል እጁን ያዝኩት። ሞክሮታል ለካ! አዲሱ የክራሩን ድምፅ በስልክ ቀድቶ አምጥቶለት ነበር። አዲሱ አረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው፤ ከሁለቱም ወንድማማቾች ጋር የሚነጋገረው እሱ ብቻ ነበር። «ስልክ ለወሬ ነው የተሠራው» አለ ጋሼ ማሩ። «ጮክ ያለውን ያፍነዋል፣ ቀስ ያለውን ይጎትተዋል፣ ሁሉንም አንድ ገንፎ ያደርገዋል።» ያን ቀን ነው ይህ ሰው ጆሮ እንዳለው ያወቅሁት።

እኔም ብሆን የማውቀው የስብሰባና የሠርግ ማይክ ነው። የአዳራሹን አውጥቼ ከሰው ተውሶ ባመጣው ክራር ፊት አቆምኩለት፤ ያ ደግሞ ከንፈር ላይ ካልለጠፉት የማይሰማ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ለጯሂ ዘፋኝ የተሠራ ነገር ነው። ከክራሩ የሰማነው ምንም ነው። «ይሄ ደንቆሮ ነው፣ ወግድ!» ብሎ ገፋው። ተያይዘን ሚግዳል ወደ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ወረድን።

ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየንና መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የጠረጴዛ ማይክ አወጣ። «ሁሉም ሰው ይሄን ነው የሚወስደው» አለ በዕብራይስጥ።

«ዝምታውን አሰማኝ በይው» አለኝ ጋሼ ማሩ።

«ምን?»

«ማንም ሳይናገር ይቅዳና ያሰማኝ!»

ሻጩ እየሳቀ ቀዳ። ድምፁ ከፍ ሲል ሽሽሽሽ የሚል ነገር መጣ፣ ጤፍ የሚያበጥር ሰው ያለ ይመስላል። ጋሼ ማሩ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ራሱ እያወራ እንዴት የሌላ ይሰማል? የወንድሜ ጣት ከዚህ በታች ነው!» አለ። ሻጩ «ሳባ፣ በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ላንተ በቂህ ነው» አለው። ሳባ ማለት አያቴ ነው፤ ክፉ ቃል አይደለም፤ «ላንተ በቂህ ነው» የምትለዋ ግን አላለፈችም። መዳፉ የመሸጫ ጠረጴዛው መስተዋት ላይ ሲወርድ መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ዘበኛ መጣ፣ ተገፋፉ፣ ተናነቁ፣ እኔም መሀል ገብቼ አንድ ክርን ቀመስኩ፣ ሁለታችንንም ወደ መንገድ አስወጡን። ጋሼ ማሩ ሸሚዙን አስተካከለና «ጥሩ ሱቅ ነው፣ ነገ እንመለሳለን» አለኝ። እብድ!

ተመለስን። ደግነቱ ሻጩ ቂመኛ አልነበረም፤ መስተዋቱን ለማሠራት ከተስማማንለት በኋላ ከጀርባ አንድ ሳጥን አመጣ። ውስጡ እስክሪብቶ የሚያካክሉ ሁለት ቀጫጭን ማይኮች ተጋድመዋል፤ ስማቸው ያልታወቀ፣ መንታ ሆነው የሚሸጡ የቻይና ሥራ። በገመዳቸው ኤሌክትሪክ ካልተላከላቸው አይሠሩም፤ እሱን የሚልክ ትንሽ ሳጥን ማትናስ ውስጥ አለን። ጋሼ ማሩ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ዝምታቸውን ሰማ። ከዚያ ይዞት የመጣውን ክራር በጃኬቱ ሸፈነና አንዷን ጅማት በጥፍሩ ጫፍ ነካት። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያቺ ጅማት ጥርት ብላ መጣች፣ ስትርገበገብ፣ ስትዝል፣ እስክታበቃ ድረስ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ እንዳላየ ሰው የገመድ መደርደሪያውን ማየት ጀመርኩ።

«ስትመርጪ ጩኸቱን አትስሚ» አለኝ ስንወጣ። «ጩኸት በማንኛውም ማይክ ይገባል። ቀስ ያለውን አስቀድሚ። ድምፅ እንደ ድመት ነው፣ ስትጠሪው አይመጣም፣ ዝም ብለሽ ስትጠብቂ ግን ጭንሽ ላይ ይወጣል።» እኔ ይህን ምክር እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብሎ ሲጠብቅ አላየሁትም።

የቀረው የአባባ ይርጋ እሺታ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፣ ቄሳችን መሩት። ጋሼ ማሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ወንድሙ ደጃፍ ወደቀ። አባባ ይርጋ ብዙ ካስለመኑ በኋላ «ለእግዜር ብዬ ምሬዋለሁ። ለእናቴም ስል እጫወታለሁ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ግን ቃል አልለዋወጥም፣ ፊቱንም አላይም» አሉ። ከሠርጉ ወዲህ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ሰውዬ» ነው።

አዳራሹ የመንገድ ጫጫታ ስለሚገባው ከሥሩ ያለውን ሚክላት መረጥን፤ ሮኬት ሲመጣ ሰፈሩ የሚገባበት የምድር ቤት መጠለያ ነው። ኮንክሪቱ እንዳያስተጋባ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰቀልን። አንዷን ማይክ ክራሩ ፊት፣ ሌላዋን ማሲንቆውና ዋሽንቱ መሀል አቆምኩ። አባባ ይርጋ ለማሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር። እኔ ገመድ ላመጣ ወደ ላይ ወጣሁ።

ስመለስ ሁለቱም ማይኮች ቄሱ ፊት ቆመዋል። ቄሱ ለምርቃት ነው የመጡት፣ የሚጫወቱት ነገር የለም!

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ።

«ነውር ነው፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ። «ትልቅ ሰው ተቀምጦ ማይክ ለታናሽ?»

ብከራከር ማን ሰምቶኝ። አዲሱ እንኳ ዓይኑን ሰበረ። ጋሼ ማሩም ያን ቀን ገና ይቅርታ የተደረገለት ሰው ነውና ጥርሱን ነክሶ ማሲንቆውን ቃኘ። ቄሱ መረቁ፣ ሦስቱ ተጫወቱ። አባባ ይርጋ ዜማይቱን ሳይሰናከሉ ዳር አደረሷት፤ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ እንደዚያ ቀን ጥሩ የመቱበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ቅጂውን ከፈትኩት። የቄሱ ትንፋሽ፣ የቄሱ ጭራ ውልብ ውልብ፣ የወንበራቸው ሲጥ ሲጥ፣ «አሜን» የሚሉ ሽማግሌዎች። ክራሩ የጎረቤት ቤት ትንኝ ነው።

ጋሼ ማሩ ተነሳ። መጀመሪያ ቄሱን ከነወንበራቸው አንስቶ ጥግ አደረሳቸው፤ ሰው ሁሉ በድንጋጤ ደርቆ ቀረ። ከዚያ አንዷን ማይክ ከነማቆሚያዋ አንስቶ ኮንክሪቱ ላይ ፈጠፈጣት። «ማይክ ለክብር አይደለም!» ደገማት። «ለክብር አይደለም! ለክብር አይደለም!» የማቆሚያው ብረት ተንሸራትቶ የአዲሱን ግንባር ተረተረው። ደሙ ዋሽንቱ ላይ ተንጠባጠበ። ሽማግሌዎቹ ይረግማሉ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ የማይኳን ስብርባሪ እየረገጠ ይፈጫል። በዚህ መሀል አባባ ይርጋ ክራራቸውን ከረጢት ውስጥ ከተቱና ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ደረጃውን ወጡ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ማሩ ምን እንዳደረገ የገባው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና የወለሉ ፍራሽ ላይ አፉን ደፍቶ አለቀሰ። ተናድጄበት ስለነበር አላባበልኩትም።

ሌላ ጥንድ እንዳንገዛ ጦርነቱ መጣ፣ ሱቁም ተዘጋ። የተረፈችውን ማይክ ጋሼ ማሩ በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ጀመር። «ቤት አስቀምጣት» ስለው «ቤት ቢመታስ?» ይለኛል። እንግዲህ ያን ሰሞን የነበረውን የአሽቀሎን ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ቀን ከሌት አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ይጮሃል፣ ሰው እንደ ፍየል ይሮጣል፣ የሚቃጠል መኪና ሽታ ከሰፈር አይጠፋም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሚግዳል አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሁለታችንም ቆመን ሳለ ጮኸ። የምንገባበት የለም። እኔ እንደተማርነው መሬት ተኝቼ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩ። ዞር ስል ጋሼ ማሩ አጠገቤ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ ተደፍቷል፣ ጭንቅላቱን የሸፈነው ነገር የለም። «እጅህን ወደ ላይ! ጭንቅላትህን!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላችን ያለው ሕንጻ ተመታ። መሬቱ ወደ ላይ የተነሳ መሰለኝ፣ ከዚያ መስተዋት እንደ በረዶ ወረደ። አንዲት ሴት ትጮሃለች፣ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል፣ ከማዶ የቆመች መኪና በአንድ ጊዜ እሳት ሆነች። ጋሼ ማሩ ቀና ሲል ደሙ ከአናቱ በሁለቱም ጆሮው በኩል ወደ አንገቱ ይወርዳል፣ አንድ የመስተዋት ስባሪ ከነቁመቱ ቆሞበታል።

«ማይኳን ፈትሺልኝ!» አለኝ።

«ጭንቅላትህ ተከፍቷል፣ ሰውዬ!»

«ጭንቅላት አይቀዳም! ማይኳን ፈትሺ!»

እየሰደብኩት አለቀስኩ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡትም ካልሲዋን ለሐኪሞቹ አልሰጥም ብሎ ታግሏል።

አዲሱ ይህን ሁሉ ሄዶ ለአባባ ይርጋ ነገራቸው። አባባ ይርጋ ጠማማ ጣታቸውን እያሹ «ያ ሰውዬ ሞኝነቱ አልለቀቀውም። ጣቴ ጨርሶ ሳይደርቅ ይምጣና ይቅዳ። ሽማግሌ ግን እንዳታመጡብኝ» አሉ። ደውዬ ስነግረው ጋሼ ማሩ በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር በመዳፉ ሲመታ ሰማሁ።

እንደገና ሚክላቱ ውስጥ ተሰበሰብን፤ አራታችን ብቻ። አዲሱ ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣ ጋሼ ማሩ አናቱ ላይ ፋሻ። አባባ ይርጋ እንደ በፊቱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማይኳን ከክራራቸው አንድ ስንዝር ላይ አቆምኩላቸው። ያቺ ማይክ የፊቷን እንጂ ከጀርባዋ የሚመጣውን እምብዛም አትሰማም፤ ጀርባዋን ወደ በሩ አደረግኩት። አዲሱን ፊቱን ወደ ፍራሹ አዞርኩትና ተስተካከለ። የቀረው ማሲንቆው ነው። አሙቀው ለሙከራ ሲጀምሩ በጆሮ ማዳመጫዬ የመጣው ማሲንቆ ብቻ ሆነ። ክራሩ የለም፤ ተውጧል።

«ለስለስ፣ ጋሼ ማሩ» አልኩት።

ሞከረ። ወዙ እስኪንጠፈጠፍ ሞከረ፤ አልሆነም። እንደ በፊቱ ሁለት ማይክ ቢኖር አንዷን ዝቅ፣ አንዷን ከፍ እናደርግ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ናት፤ ሌላዋን ማን እንደሰበራትም ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ማሩ በዓይኑ ጠየቀኝ። በእጄ «ወደ ኋላ» አልኩት። በርጩማውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። አሁንም ይበልጣል። ጥጉ ድረስ። አሁንም። የብረት በሩ ጋ ደረሰ። አሁንም ክራሩን ይሸፍነዋል። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጣሁ።

«ከዚህ በላይ ከራቅህ ትጠፋለህ» አልኩት በሹክሹክታ።

«የሱ ጣት ይሰማል?»

«ይሰማል። ያንተ ግን…»

«የሱ ይሰማል ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«እንግዲያው ልጥፋ! ውረጂና ቅጂ።»

ወረድኩ። አባባ ይርጋ አልዞሩም፤ ያ ደረጃ ኮንክሪት ስለሆነ ማሲንቆው ወደ ቤቱ ተንከባሎ ይገባል፣ በባዶ ጆሮ ሲሰማ አሁንም ከኋላቸው ያለ ነው የሚመስለው። ጀመሩ። ክራሩ ጠየቀ፣ ደረጃው መለሰ። የአባባ ይርጋ ጠማማ ጣቶች አንዳንዴ ይዘገያሉ፣ ጅማቷን ሲስቷት ይታያል፣ ተመልሰው ያገኟታል። አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ጨረሱ። አዛካ አልጮኸም፣ ማንም አልተማታም፣ እኔም እስኪያልቅ መተንፈሴን አላስታውስም። አባባ ይርጋ ክራራቸውን ከተቱና ሲወጡ ደረጃው ላይ በተቀመጠው ወንድማቸው አጠገብ አለፉ። አንገታቸውን ቀጥ እንዳደረጉ አለፉ። ዜማው ሲያልቅ ቀድሟቸው የወጣ መስሏቸው መሆን አለበት፣ መቼ እዚያ እንደደረሰም አልጠየቁ።

ጋሼ ማሩ ገብቶ ጆሮ ማዳመጫውን አደረገ። ሲያዳምጥ የራሱን መዳፍ በሌላው እጁ ጨብጦ ይዞት ነበር፣ እንዳይመታበት። «ጣቱ ተሰማ» አለ ሲያልቅ። «እናቴ ተሰማች።» ስለ ራሱ ምንም አላለም። ለአባባ ይርጋ ቅጂውን ብንልክላቸው «ስጫወተው ሰምቼው የለ» ብለው መለሱት። ይታረቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልታረቁም። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ማሩ ያን ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ስቦ ተኛ።

ልቅሶው ላይ ሰዉ ጠቡን እያወራ ይስቃል፣ እየሳቀ ያለቅሳል። የመስተዋቱ፣ የቲማቲሙ፣ የቄሱ ወንበር፤ ቄሱ ራሳቸው እየተረኩ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አባባ ይርጋ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እንባም የለም፤ ሰዉ በሹክሹክታ ያማቸው ነበር። እትዬ አስረስ ጠራችኝ።

«እንጉዳይ፣ ማሲንቆውን አሰሚኝ። ሌላ ድምፅ አልተወልኝም።»

ሺብዓ ላይ፣ በሰባቱ የልቅሶ ቀናት፣ ዘፈን አይከፈትም ያሉ ነበሩ። «ዘፈን ማን አላችሁ? የባሌ እጅ ነው!» አለቻቸው። ስፒከሩን አምጥቼ ከፈትኩት።

ክራሩ ቤቱን ሞላው። እያንዳንዷ ጅማት ጆሮ ሥር የምትመታ ትመስላለች። ከዚያ ማሲንቆው የሚመልስበት ቦታ ደረሰና ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። መጣ፤ ከሩቅ፣ ከሸለቆ ማዶ እንደሚሰማ ልቅሶ። እትዬ አስረስ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። «የታል?» አለች። «የታል ማሩ?»

አባባ ይርጋ ከጥጋቸው ተነሱ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ፈጥነው ይደርሱብኛል አላልኩም፤ በጠማማው እጃቸው የሸሚዜን ኮሌታ አነቁት።

«የት አስቀመጣችሁት?»

«ደረጃው ላይ፣ አባባ።»

«ማን ነው ያስወጣው? ማን ነው ከቤት ያስወጣው?»

«ራሱ ነው። ማሲንቆው የእርስዎን ጣት ሸፈነው። ትጠፋለህ ስለው፣ ልጥፋ አለኝ።»

ኮሌታዬን አጥብቀው ነቀነቁኝ። «የኔን ቀንሺው! የኔን ዝቅ አድርጊና የሱን አምጪው!»

«አይሆንም፣ አባባ። በአንድ ማይክ ነው የተቀዳው። የእርስዎን ዝቅ ካደረግኩት እሱም አብሮ ይጠፋል።»

ለቀቁኝ። ስፒከሩ ፊት በጉልበታቸው ወደቁ። ክራሩ እንደገና ጠየቀ፣ ደረጃው እንደገና ከሩቅ መለሰ። አባባ ይርጋ ስፒከሩን በዚያ እጅ በጥፊ መቱት፣ ደገሙት፣ ሰለሱት፣ ቆዳቸው ተላጠ። ሰው ሊይዛቸው ሲነሳ እትዬ አስረስ «ተዉአቸው!» አለች።

«ቅረብ!» ብለው ጮኹ። «ቅረብ እንጂ፣ ማሩ! ማሩ ወንድሜ፣ ቅረብ!»